ከደህና ነን በኋላ

ባለቤቴ ትርሲት «አንተ ተቀምጠህም ትሄዳለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሲሆኑ ከጥያቄው ይልቅ የሚያስቸግራቸው የእኔ ኮቴ ነው። ቤት ስገባ ደግሞ ሬዲዮዬ ላይ ነኝ። ጣራዬ ላይ የዘረጋሁትን ሽቦ ያዩ ጎረቤቶቼ መጀመሪያ የልብስ ማስጫ መሰላቸው፤ ቀጥለው ሰላይ ነው አሉኝ፤ አሁን ተስፋ ቆርጠው ትተውኛል። ለማያውቀው ላስረዳ፦ አማተር ሬዲዮ ማለት ያለ ስልክ ማማ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በአንድ ባትሪና በአንድ ሽቦ ከሩቅ ሰው ጋር መነጋገር ነው። ደመወዝ የለውም፤ ፈቃድ ግን ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥና ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሰው የሚያወጣው እሱ ነው።

ወደ ጋምቤላ የሄድኩትም በዚሁ ሰበብ ነው። አሪየት የምትባል የጋምቤላ ተወላጅ አዲስ አበባ ለሬዲዮ ሥልጠና መጥታ ተዋውቀን ነበር። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ የሚባል ሰፈር ውስጥ የፎቶ ኮፒና የስልክ ጥገና ሱቅ አላት። ከአቦቦ ወዲያ ያሉ አንዳንድ መንደሮች ክረምት ሲገባ ስልክ እንደማይሠራላቸው አጫወተችኝ። እኛ የሬዲዮ ወዳጆች ተባብረን ሁለት ያገለገሉ ሬዲዮዎች አገኘን፤ ፈቃዱንም አስወጣን። «ማን ያድርስ?» ሲባል ጥያቄው ሳያልቅ እጄን አወጣሁ። ነሐሴ ላይ ኮሌጁ ዝግ ነው፤ እኔ ደግሞ ዝግ ነገር አልወድም።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ሁለት ሹራብ ደርቤ ከደብረ ብርሃን ወጣሁ። ከቀትር በኋላ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለቱንም ሹራብ ታቅፌ ቆሜ ነበር። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የገባው አየር የዳቦ ቤት ምድጃ ፊት የቆምኩ ያህል ፊቴን ገረፈኝ። እኛ አገር ነሐሴ ጭጋግና ቁር ነው፤ ሰው በር ዘግቶ ይኮማተራል። እዚህ ዝናቡ ይወርዳል፣ ያባራል፣ ከዚያ እንፋሎቱ ከመሬት ይነሳል፤ ሰው በሩን ወለል አድርጎ ደጅ ይቀመጣል።

የሁሉም ሻንጣ ወጥቶ ሬዲዮዎቹን የያዘው የእኔ ሳጥን ቀረ። ሠራተኛውን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። በአራተኛው «ወንድሜ፣ አውሮፕላኑም አልሄደ፣ ሳጥንህም አልሄደ፤ እስቲ አረፍ በል» አለኝ። ለካ «ተሰባሪ» ብዬ በቀይ ቀለም የጻፍኩበት እኔው ነኝ፤ እነሱም አምነውኝ ሳጥኑን ለብቻው በእጅ ተሸክመው እያመጡት ኖሯል።

አሪየት ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ስለ ትርሲት ጠየቀችኝ፤ ስለ ሁለቱ ልጆቼ በየስማቸው ጠየቀችኝ፤ ስለ እናቴ ጉልበት፣ ስለ ደብረ ብርሃን ዝናብ ጠየቀችኝ። እኔ ዓይኔ ባጃጁ ላይ ነበር። «ሁሉም ደህና ናቸው፤ እንሂድ» አልኳት።

«ቲቸር፣ ገና አሁን እኮ ነው የመጣኸው» አለችኝ።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ቬንቲሌተር ነበረው፤ መብራት ግን አልነበረም። ቬንቲሌተሩን ጋደም ብዬ ሳየው መቀመጥ አቃተኝና ወደ ሱቋ ሄጄ የከተማውን ሬዲዮ ያኔውኑ መትከል ጀመርኩ። የሽቦውን አንድ ጫፍ ከጣራዋ፣ ሌላውን ከጎረቤት የኒም ዛፍ ጋር አሰርን። የዛፉ ባለቤት ለምን እንደሆነ እንኳን ሳይጠይቅ መሰላሉን ይዞልን ቆመ። ማታ የአሪየት እናት የባሮ ዓሣ ጠብሰው ጠበቁን። ጊዜው ፍልሰታ ነበር፤ ዓሣ ያጾማል አያጾምም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳውም፤ በላሁ።

ማክሰኞ

ወደ አቦቦ በፒክአፕ ተነሳሁ። የከተማውን ሬዲዮ የምትይዘው አሪየት ስለሆነች ቀረች። ወደ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ የሚሄዱ ነጫጭ መኪኖች ረጃጅም አንቴና ተክለው ሲያልፉን አንገቴ እስኪጣመም አየኋቸው። ሾፌሩ «የምታውቀው ሰው አለ?» አለኝ። «አንቴናውን ነው የማውቀው» አልኩት። ከዚያ እስከ ኬላው ድረስ አላናገረኝም።

ኬላው ላይ ሳጥኑ ተከፈተ። ድንበር ባለበት አገር ሬዲዮ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ቢጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ግን ሳልጠየቅ መልስ መስጠት ጀመርኩ፤ ስለ ሞገድ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ሽቦው ርዝመት ለፈለፍኩ። አንድ ረጅም ፖሊስ እጁን አነሳ።

«ሰውዬ፣ አንተ በጣም ፈጠንክ። እኛ ወረቀት እናነባለን፤ አንተ በቆሎ ትበላለህ። ከዚያ ትሄዳለህ።»

የተጠበሰ በቆሎ ሰጠኝ። የፈቃዱን ወረቀት አንዱ ሲጨርስ ለሌላው እያቀበለ ሦስት ጊዜ አነበቡት። በቆሎውን ቆሜ ጨረስኩት። «ሂድ» ሲሉኝ ዕቃዬን አግበስብሼ መኪናው ላይ ዘለልኩ። አቦቦ ደርሼ ስፈትሽ ሽቦውን ከሬዲዮው ጋር የምታያይዘው፣ አውራ ጣት የምታህለው ማገናኛ የለችም። ኬላው ጠረጴዛ ላይ ትቻታለሁ። እሷ ከሌለች የተሸከምኩት ባዶ ሳጥን ማለት ነው። አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ወዲያ ወዲህ ስል አንድ ሞተረኛ መጣና በጋዜጣ የተጠቀለለች ነገር አቀበለኝ። ማገናኛዋ ናት። «ፖሊሱ ነው የላከልህ። ቀስ በል ብሎሃል» አለኝና ሻይ እንኳን ሳልጋብዘው ተመለሰ።

ከአቦቦ ወደ መንደሩ በዝናብ ጊዜ የሚገባው ትራክተር ብቻ ነው። መሃል ላይ ወንዝ አለ። ታችኛው መሻገሪያ ለእግረኛ ቅርብ ነው፤ ሲሞላ ግን አይደፈርም። ላይኛው ሩቅ ነው፤ ወለሉ ጠጠር ስለሆነ ግን ትራክተር ያሻግራል። እኛ በላይኛው ዞርን። ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘን፤ ሁለት ጊዜም ወርጄ እገፋለሁ ብዬ ጭቃው ውስጥ ጫማዬን ቀበርኩ። ሾፌሩ ትራክተር በሰው እጅ ተገፍቶ እንደማይወጣ በትህትና ነገረኝ።

መንደሩ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች መንደር ነው። ሬዲዮውን የሚረከቡት ጋሽ ሰይድ ሲመጡ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። አሁን ጢማቸው ነጭ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት የለመዱት ንባብ ግን አልጠፋቸውም። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ በባዶ እግሬ ሲያዩኝ ውሃ በገንዳ አቀረቡልኝ። ጾመኛ መሆኔን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ የሥጋው ጉዳይ ሳይነሳ ቀረላቸውና። አዲስ ድስት አውጥተው ባሚያ በለውዝ ሠሩልኝ፤ በበቆሎ ቂጣ በላሁት። ደብረ ብርሃን ባሚያ አይበቅልም ስላቸው «ታዲያ ምን ትበላላችሁ?» አሉኝ ከልባቸው አዝነው።

ረቡዕ

ሽቦውን ከሁለት የማንጎ ዛፎች ጫፍ ማሳለፍ ነበረብን። ደብረ ብርሃን ድንጋይ በገመድ አስሬ ወደ ላይ ስወረውር ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፤ እዚህም ሰባት ጊዜ ወርውሬ ሰባት ጊዜ ራሴ ላይ ወደቀ። ጋሽ ሰይድ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ቤት ገብተው ወፍ የሚጠብቁበትን ወንጭፍ ይዘው መጡ። ቀጭን ሲባጎ ከድንጋዩ ጋር አስረው አንድ ጊዜ አሽከረከሩ፤ ድንጋዩ በማንጎው አናት አልፎ ወዲያ ማዶ ወደቀ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። መንደርተኛው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ በውስጤ ግን በመጠኑ ቀናሁ።

ከሰዓት በኋላ ሶላሩንና የመኪና ባትሪውን አገናኝቼ ሬዲዮውን ከፈትኩ። የአሪየት ድምፅ አጠገባችን የቆመች ያህል ጥርት ብሎ ገባ። ጋሽ ሰይድ መናገሪያውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ከወሎ ስንመጣ ወሬ የሚያደርስልን አልነበረም። የአባቴን መሞት በሦስተኛ ዓመቱ ነው የሰማሁት» አሉኝ። ከዚያ አይተዋት ለማያውቋት አሪየት ሰላምታ ጀመሩ። ስለ እናቷ፣ ስለ ወንድሞቿ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ከብቱ። አሪየትም የእሳቸውን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። የባትሪው መለኪያ መርፌ ሲወርድ አየሁ። ሰማዩ ደግሞ ጥቁር ደመና ነው፤ ሶላሩ ምንም አያስገባም። አራት ደቂቃ ሲሞላ አላስቻለኝም፤ ከእጃቸው ወስጄ «ጨርሰናል» ብዬ ዘጋሁት።

እትዬ ፋጡማ በሩ ላይ ሆነው «ምነው ልጄ፣ ከሰው አፍ ነጠቅከው?» አሉኝ።

ሳቅሁ፤ ተሳሳቅን። እኔ ግን በካርቶን ላይ ሕጉን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፦ ባትሪ ቆጥብ። አጭር ተናገር፤ ተራህን ስትለቅ «ኦቨር»፣ ስትዘጋ «ጨርሰናል» በል። አደጋ ካለ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ «አስቸኳይ» በል። በሽተኛ የያዘ ሰው መኪናው የት እንደሚጠብቅ መልስ ሳያገኝ አይነሳ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓትና ከቀኑ አሥር ሰዓት ብቻ እንዲከፈት ተስማማን። ጋሽ ሰይድ ካርቶኑን ጮክ ብለው አነበቡትና «ጥሩ ሕግ ነው» አሉ። በጽሑፌ ኮራሁ።

ሐሙስ

ሥራዬ አልቋል፤ እግሬ መሄድ ፈልጓል። አንድ ቀን እንዳድር ለመኑኝ፤ እትዬ ፋጡማ «ማረፍ ኃጢአት ነው እንዴ በእናንተ?» አሉኝ። ዓርብ ጠዋት በረራ አለኝ ብዬ በትራክተሩ ወጣሁ። ሌሊቱን ስለዘነበ ታችኛው መሻገሪያ ሞልቶ ዛፎቹን ይዞ ነበር፤ በላይኛውም ውሃው የትራክተሩን ጎማ እኩሌታ ደረሰ። አሥር ሰዓት ላይ ከአሪየት ሱቅ ሆነን ጠራናቸው፤ ጋሽ ሰይድ በሕጉ መሠረት አጭር አድርገው መለሱ። «አየሽ? ለምደውታል» አልኳት። አሪየት ሬዲዮውን ወዲያው አላጠፋችውም።

ዓርብ

ጠዋት አንድ ሰዓት። ባጃጁ ደጅ ቆሟል፤ ሻንጣዬ ተጭኗል። ሬዲዮውን እኔ ራሴ ከፈትኩት።

«መንደር፣ መንደር፣ ከተማ ነኝ። እንዴት አደራችሁ? ደህና ናችሁ? ኦቨር።»

«ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አንተ እንዴት አደርክ፣ መምህር? ኦቨር።»

«ደህና። ድምፅዎ ጥሩ ይሰማል። እኔ እንግዲህ ወደ አውሮፕላኑ ነኝ። አሥር ሰዓት ላይ አሪየት ትጠራዎታለች። ጨርሰናል።»

እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። አጠፋሁት።

አሪየት ፊቴን አየችኝ። «ቲቸር፣ እሱ አልጨረሰም። ልጆችህን ገና አልጠየቀም።»

«ደህና ነን አሉ እኮ።»

«ደህና ነን ሁሉም ሰው ይላል። ወሬ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።»

«አሥር ሰዓት ላይ ትጠይቂያቸዋለሽ» አልኳት። እንግዳ ሳይሸኙ መቅረት እዚህም ነውር ስለሆነ ሱቁን ዘግታ አብራኝ መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ደርሰን በረራው በደመናው ምክንያት እንደሚዘገይ ተነገረን። በዚያው ባጃጅ ተመለሺ ብዬ ግድ አልኳት። ከዚያ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ስመላለስ ቆየሁ። በመጨረሻ ተሳፋሪ ተጠራ፤ ሰልፍ ያዝኩ። ስልኬ ጮኸ።

«ቲቸር፣ ሱቅ ገብቼ ሬዲዮ ከፈትኩ። ልጆቹን ልጠይቀው ብዬ ነው። ጋሽ ሰይድ እየጠራ ነው። እኛ ከወጣን ጀምሮ እየጠራ ነው። ሚስቱን እባብ ነክሷታል።»

ሰልፉን ጥዬ ወጣሁ። ባጃጅ ላይ ሆኜ ሰዓቴን አየሁ፤ ካጠፋሁበት ደቂቃ እስከ ደወለችልኝ ድረስ ቆጠርኩ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ስደጋግም፣ የባጃጁ ነጂ ቁጥር የምለማመድ ሳይመስለው አልቀረም።

ሱቁ ስደርስ አሪየት በአንድ ጆሮዋ ስልክ፣ በአንድ እጇ መናገሪያ ይዛለች። የአቦቦን አምቡላንስ አስነስታለች። የሆነውን ከጋሽ ሰይድ አፍ ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ሰምታለች፦ እትዬ ፋጡማ ጎህ ሲቀድ በቆሎ ማሳ ውስጥ አረም ሲነቅሉ እፉኝት ቀኝ እጃቸውን ነክሷቸዋል። እጁ አብጧል። መናገሪያውን ተቀበልኩና ከሁሉ በፊት ራሴን ለማዳን የሚመስል ጥያቄ ጠየቅሁ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ለምን መጀመሪያ አስቸኳይ አላሉኝም? ኦቨር።»

«መንገደኛ ነህ። ለመንገደኛ ሰው እንዴት ብዬ በክፉ እጀምራለሁ? ደግሞ ደህና ናችሁ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። ልጆችህን ጠይቄ ልነግርህ ስል ጠፋብኝ። ባትሪው ደክሞ መስሎኝ ፀሐይ ሲወጣ ሶላሩን እያዞርኩ ስጠራ ነው የቆየሁት። ኦቨር።»

«እትዬ ፋጡማ አሁን የት ናቸው? ኦቨር።»

«ደጅ ናት። አራት ሰው ቃሬዛ ይዞ ቆሟል። መልስ ሳታገኙ አትነሱ ብለህ ጽፈህ የለ? ኦቨር።»

ያ ካርቶን ባይኖር፣ ሬዲዮም ባይኖር፣ እነዚያ አራት ሰዎች ገና ሲነጋ ተነስተው ነበር። መናገሪያውን ለአሪየት ሰጠኋት።

አሪየት አምቡላንሱን ጠየቀች፤ ሾፌሩ ታችኛው መሻገሪያ እንደማይሞከር፣ በላይኛው በኩል ሄዶ ከወንዙ ወዲህ እንደሚጠብቅ፣ ለማሻገር ትራክተሩን እንደሚያስጠራ ነገራት። «ጋሽ ሰይድ፣ ላይኛው። ወደ ላይኛው ይውሰዷት። አሁን። መኪና እዚያ አለ» አለች። ቃሬዛው ተነሳ። ጋሽ ሰይድ ግን አልተነሱም። ሬዲዮውን ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም፤ ያስተማርኩት እሳቸውን ብቻ ነው። ሚስታቸውን ጎረቤት ተሸክሞ ሲሄድ እሳቸው የእኔን ባትሪ ሲጠብቁ ቀሩ።

ከወንዙ አካባቢ ስልክ አይሠራም። ሾፌሩ ወደ አቦቦ እስኪመለስ ድረስ ምንም ወሬ የለም። አሪየት ባትሪውን ለመቆጠብ በየሩብ ሰዓቱ ለጥቂት ሰከንድ ትከፍታለች።

«ጋሽ ሰይድ፣ ገና ነው። ውሃ ጠጥተሃል?»

«ጠጣሁ። ደረሰች?»

«ገና ነው። ጎረቤት አጠገብህ አለ?»

«አለ።»

«በርታ። እኔ እዚህ ነኝ። ኦቨር።»

እንዲህ ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ ሄደ። ኮፒ ሊያስነሱ የመጡ ሰዎች ነገሩን ሰምተው ወረቀታቸውን እንደያዙ ቆሙ፤ የኒሙ ዛፍ ባለቤት ጎንበስ ብሎ ይጸልይ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስንቆራጠጥ የኖርኩ ሰው ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሾፌሩ ደወለ፤ ተሻግረዋል፤ አቦቦ ጤና ጣቢያ ደርሰዋል፤ ወደ ጋምቤላ ይዟቸው እየመጣ ነው። አሪየት ለጋሽ ሰይድ ስትነግራቸው የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭነው ሲያለቅሱ ተሰማ።

ቅዳሜና እሑድ

እትዬ ፋጡማ ተረፉ። ጋምቤላ ሆስፒታል የመርዙ ማርከሻ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ትንፋሻቸው ተስተካከለ፤ እጃቸው ግን እስከ ክርን እንዳበጠ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

«አልሄድክም እንዴ? ልጆችህስ?» አሉኝ።

ከአሪየት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ዳቦና የማንጎ ጭማቂ ይዘው እየተፈራረቁ መጡ። ሙስሊም መሆናቸውን አውቀው ሥጋ የነካ ዕቃ እንዳያቀርቡ ይጠነቀቁ ነበር። አኙዋክኛ እንጂ አማርኛ በቅጡ የማትችል አንዲት አሮጊት እንኳን አልጋው ጫፍ ተቀምጣ የእትዬ ፋጡማን እግር ታሻለች። እኛ አገር የማያውቁትን በሽተኛ መጠየቅ አለ፤ የማያውቁትን እግር ማሸት ግን አላየሁም።

እሑድ ሐኪሙ ጠራኝ። የቀኝ እጅ ሦስት ጣቶች ሞተዋል፤ ካልተቆረጡ እጁም ይሄዳል። በዚያው ቀን ተቆረጡ።

«አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቀድመው ቢደርሱ ኖሮስ?» አልኩት።

ሐኪሙ ካርዱን አጠፈ። «ጣቶቹ ሊተርፉ ይችሉ ነበር፤ ላይተርፉም ይችላሉ። ይህን ማንም አይነግርህም» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለጋሽ ሰይድ የነገረቻቸው አሪየት ናት። አሥር ሰዓት ላይ ጠርታ፣ ከሰላምታ በኋላ፣ ሁለት ጎረቤት አጠገባቸው እንዲቀመጥ አድርጋ፣ መጀመሪያ የባለቤታቸውን መዳን፣ ከዚያ ጣቶቹን ነገረቻቸው። ብዙ ባትሪ ፈጀ። እኔ ከጎኗ ነበርኩ፤ መርፌውን አላየሁትም።

ለትርሲት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና «ጥፋትህን ለጋሽ ሰይድ ሳትነግራቸው እንዳትመጣ» አለችኝ።

ሰኞ

ከቀትር በኋላ ጋሽ ሰይድ መጡ። ወንዙ ጎድሎ፣ ሬዲዮውን እሑድ ከጎናቸው ተቀምጦ ላጠናው ጎረቤት አስረክበው፣ በእግርና በመኪና። ሆስፒታሉ በር ላይ ሳያቸው ሮጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ያጠናሁት ነገር አፌ ላይ ነበር።

«ጋሽ ሰይድ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓርብ ጠዋት እኔ ነኝ…»

«ቆይ» አሉኝ። ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ። «እንዴት ሰነበትክ?»

«ደህና።»

«ትርሲት ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

ማክሰኞ ማታ የነገርኳቸውን ሳይረሱ ልጆቼን በየስማቸው ጠየቁኝ። የእናቴን ጉልበት ጠየቁኝ። ደብረ ብርሃን ዝናቡ እንዴት እንደሆነ፣ ገብሱ እንዴት እንደያዘ ጠየቁኝ። ለእያንዳንዱ መለስኩ። ከዚያ እኔ ጠየቅኋቸው፤ ፍየሎቹን፣ በቆሎውን፣ ቃሬዛውን የተሸከሙትን አራት ሰዎች አንድ በአንድ። ዘበኛው በመካከላችን ማለፍ ቢያቅተው ዞሮ አለፈ። የሚጠየቅ ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ጋሽ ሰይድ ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔንም አስቀመጡኝ።

«አሁን ንገረኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። ባትሪው እንዳልደከመ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ አሪየት «አልጨረሰም» ብላኝ እንዳልሰማኋት፣ አውሮፕላን እንዳያመልጠኝ ብዬ እንደሆነ፣ ደቂቃውን ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ሲሰሙ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

«እኔ ሶላሩን አሳስቼ የገጠምኩ መስሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ራሴን ስረግም ነው የሰነበትኩት» አሉ።

ተነሱ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እኔም ተከትዬ ተነሳሁ።

«ይሄን ለፋጡማ አትንገራት። አንተ አገርህ ስትገባ እኔ እነግራታለሁ።»

«ጋሽ ሰይድ፣ ፊታቸው ቆሜ ራሴ ይቅርታ ልጠይቅ እንጂ!»

«ፊቷ ቆመህ ከጠየቅካት ይቅር ማለት ይኖርባታል፤ እንግዳዋ ነህ። እሷ ግን መጀመሪያ መናደድ አለባት። ጣቶቹ የሷ ናቸው» አሉኝና ወደ ውስጥ ገቡ።